አሮጌ ፒካፕ ላላችሁ ሁሉ፤ እኚህን ጎሚስታ አትለፏቸው

ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ ብዬ ነው የምጽፈው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ጎሚስታ ናቸው። ጎማ መፍታትና ማሰር፣ መለጠፍና መንፋት ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ሙያ ነው። እኔ ደግሞ ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 የተሠራች ዶጅ ፒካፕ አለችኝ። እሳቸውን እስካገኝ ድረስ የዚህች መኪና ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ምን ያህል እንደምንገላታ ቤተሰቤ በሙሉ ያውቃል።

መኪናዋ ሆት ሮድ ከሚባሉት ናት። አባቴ የድሮ መልኳን ጠብቆ ኃይለኛ ሞተር ገጠመላት፣ ወደ መሬት ዝቅ አደረጋት፣ ከፊት ጠበብ ያለ፣ ከኋላ ደግሞ ሰፊና ከፍ ያለ ጎማ አሰረላት። ያያት ሁሉ ቆሞ ያደንቃታል። ጎማ ሲተነፍስ ግን ያ ሁሉ ውበት ጣጣ ይሆናል። የፊቱ ለኋላ አይሆንም፣ የኋላው ከፊት አይገባም። ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) ይንጠለጠልበት የነበረውን ከጭነት ሳጥኑ ስር ያለ ቦታ አሁን የነዳጁ ሰልባትዮ ይዞታል። አየሩ ሲወጣ ደግሞ መኪናዋ ይብስ መሬት ስለምትጠጋ ክሪክ ከስሯ አይገባም።

የግራው የኋላ ጎማ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ አንነካም» ተባልኩ። የአባቴን የዓመታት ልፋት ቅራቅንቦ ብለው ጠሩት! ሌላው ቦታ ጎማውን ሳይፈቱ አረፋ ነፉበትና ሸኙኝ፤ በማግስቱ ተመልሶ ተኝቶ አገኘሁት። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው። ወጣቱ ሠራተኛ በአየር ግፊት የሚሠራውን መፍቻ ይዞ መጣና ብሎኑ እንቢ ሲለው አለቃው «ጨምርበት» አለው። ጨመረበት፤ ብሎኑ ተሰበረ። ይቅርታ የሚል ሰው አልነበረም። «ዝጓል፣ መኪናዋ አርጅታለች፣ አራቱንም ቸርኬ ከነማሰሪያው መቀየር አለብሽ» ብለው የማላውቀውን ዕቃ ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ላፈረሱትም ክፍያ ጠየቁኝ። ያን ቀን መኪናዋን ልሸጣት ወስኜ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ተስፋውንም ጥሎ ይወጣል።

በተጎታች ጋሼ ዘንድ ስደርስ ግን እሳቸው መሣሪያ አላነሱም። ተንበርክከው በጨርቅ የብሎኖቹን ጫፍ አንድ በአንድ ጠረጉ። ከዚያ «ነይ እይ ልጄ» አሉኝ። ከዓመታት ቅባትና አቧራ ስር «ኤል» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ተቀርጻ ታየች። ዶጅን ጨምሮ የክራይስለር ኩባንያ መኪኖች በፈረንጆች እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ በግራ በኩል ያለው ብሎናቸው ጥርሱ የግራ ነበር፤ ጎማው ሲሽከረከር ብሎኑ በራሱ እንዳይላላ ተብሎ የተደረገ ነው። የሚፈታው ወደ ቀኝ፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ሦስተኛው ቦታ ያሉት እየፈታን ነው ብለው በማሽን ሲያጠብቁት ነው የዋሉት! ጋሼ ረጅም የእጅ መፍቻ ወስደው፣ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርጉት ብሎኑ ያለ ምንም ጩኸት ተላወሰ። «መኪናዋ ምንም አላለችም» አሉኝ፤ «የማያውቃት ሰው እጅ ገብታ ነው።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አባቴ በሕይወት ሳለ ጎማ ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ መብራት እይዝለት ነበር። ግራውን ሲፈታ ተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚገፋ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ልጅ ነበርኩና አልጠየቅኩትም። መልሱን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው።

የተሰበረውን ብሎን እንዴት እንዳወጡት አልገባኝም፤ አወጡት። ቀዳዳውንም በአረፋ ሳይሆን ጎማውን ከቸርኬው አውርደው ከውስጥ ለጠፉት። ስለ ስኮርታ ሲጠይቁኝ አባቴ ዕቃ ቤት ያስቀመጠውን አሮጌ ጎማ አመጣሁላቸው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል። ጋሼ ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች አነበቡልኝ፦ 1408። በፈረንጆች 2008 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «ላስቲኩ ደርቋል፤ ሕይወትሽን አትስጪው» ብለው ጎማውን ጣሉት፣ ቸርኬውን ግን አጥበው አዲስ ጠባብ ጎማ ሞሉበት። ከዚያ ከኋላ አስረው በእጃቸው አሽከረከሩት። ከፊትም አስረው ፍሬኑን እንዳይነካ፣ መሪው ግራና ቀኝ ሲዞር ፓራፋንጎውን እንዳይፈትግ አዩ። ቁመቱ ከሰፊው የኋላ ጎማ ጋር እኩል ስላልሆነ በዝግታ እስከ ቅርብ ጥገና ቤት ብቻ እንድነዳበት አስጠነቀቁኝ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው። ሱቃቸውን የሚዘጉበት ሰዓት ደርሷል፣ ደክመዋል። «እኔ በሌለሁበት መንገድ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው መፍቻውን አስያዙኝ። ጎማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሴ እንድቀይር አደረጉኝ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከማየት በቀር አልነኩም። የተነፈሰውን ጎማ ወፍራም ሳንቃ ላይ እንዳወጣው አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ ክሪኩ ይገባል። ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ መያዝ፣ ብሎኑን መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ማላላት፣ ክሪኩን ከላሜራው ሳይሆን ከአክስሉ ስር መትከል፣ ሲታሰር በመስቀለኛ ማጥበቅ፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና መፈተሽ፤ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንድም ጊዜ ድምፃቸው አልጨመረም። ሲያልቅ ደግሞ የግራዎቹን ብሎኖች ጫፍ ቀይ ቀለም ቀቡልኝ፤ ካርቶን ላይም «የግራው ወደ ቀኝ ይፈታል» ብለው ጽፈው በመኪናዋ ኪስ ውስጥ አኖሩልኝ። ነገ ሌላ ሰው ቢነካት እንዳይሰብራት አስበው ነው። ለዚህ ክፍያ ስጠይቃቸው «ይሄ ሥራ አይደለም» አሉኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ እጅዎ ይባረክ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ የአባቶቻችሁን መኪና የያዛችሁ፣ «ይጣል» የተባላችሁ ሁሉ ከመሸጣችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። አዲስ መኪና ያላችሁም ብትሆኑ ስኮርታችሁን አውጥታችሁ ያሳዩአቸው። አድራሻቸውን ለጠየቀኝ ሁሉ በግል እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። የሚሠሩት ብቻቸውን ነውና ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይረዝማል።