ታሚያ ቲቲ-02ቢ በደብረ ብርሃን አውድማ ላይ

የሪሞት መኪና ገጥሞ በደጋ አገር ለመንዳት ለሚያስብ ሰው አስቀድሜ የምሰጠው ምክር፣ ለፈጣን ሞተር የያዘውን ገንዘብ ለኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ በቀላሉ እንዲሽከረከር ለሚያደርገው የብረት ቀለበት፣ ያውለው የሚል ነው። ይህን የምለው በቲቲ-02ቢ ሻንሲ ላይ የተሠራውንና ኒዮ ስኮርቸር የተባለውን የታሚያ ባጊ፣ ማለትም ለጎርባጣ መሬት የተሠራ የሪሞት መኪና፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደብረ ብርሃን ላይ ከእኅቴ ልጅ ጋር ገጥሜ፣ ነድቼና ደጋግሜ ፈትቼ ካየሁት በኋላ ነው።

ታሚያ በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ የሚገኝ ሞዴል ሠሪ ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነው። ይህ ባጊ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን አለው፤ የሞተሩ ኃይል ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጋ የትራስሚሽን ዘንግ ወደ ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ስለሚደርስ አራቱም ጎማ ይስባል። ሳጥኑ ሲከፈት የሚገኙት በየከረጢቱ የተከፋፈሉ ዕቃዎች፣ በሥዕል የተብራራ መመሪያና ከውስጥ በኩል የሚቀባ ግልጽ የፕላስቲክ ቦዲ ናቸው። ሪሞቱ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ባትሪውና ቻርጀሩ ለየብቻ ስለሚገዙ፣ የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አይቶ በጀት የያዘ ሰው ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቆምበታል። ዕቃውን በዘመድ እጅ ከውጭ የሚያስመጣ ደግሞ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቀድ ለመንገደኛው አስቀድሞ ይንገረው።

ለመግጠም አራት ምሽት ወስዶብናል። መመሪያው እጅግ ግልጽ ነው፤ የብሎኖቹ ሥዕል በልካቸው ስለተሣለ ብሎኑን ሥዕሉ ላይ አጋድሞ መለካት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ካቻቢቴው ነው። የብሎኖቹ ራስ የጃፓን ደረጃ የሆነው መስቀል በመሆኑ፣ ከገበያ የሚገኘው ተራ ባለ መስቀል ካቻቢቴ በደንብ አይቀመጥበትም፤ ጠበቅ ሲደረግ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራ አንድ ጥሩ ካቻቢቴ አብሮ መግዛት ይገባል። ብሎኖቹ በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚገቡም፣ አንድ ጊዜ የተፈታ ብሎን ሲመለስ መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ማዞር፣ የቀድሞው ጥርሱ ውስጥ ጠቅ ብሎ መግባቱ በእጅ ሲሰማም ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው በየጊዜው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የእኅቴ ልጅ ይህን በሁለተኛው ምሽት ከለመደ በኋላ አንድም ቀዳዳ አልተበላሸብንም።

አሁን ወደ ኩሽኔታው ልመለስ። በሳጥኑ ውስጥ ጎማዎቹና ማርሾቹ እንዲሽከረከሩባቸው የተዘጋጁት ቀለበቶች በአብዛኛው ፕላስቲክ ናቸው። ይህ ዋጋው ለጀማሪ እንዲደርስ የተመረጠ አሠራር ነው፤ ንጹሕ አስፋልት ላይ በተሰጠው ሞተር ለሚነዳ ሰውም ለጊዜው ይበቃል። የእኛ የበጋ አቧራ ግን እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ፕላስቲኩና ዘንጉ መካከል ገብቶ ከግራሶው ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ይበላል። ስለዚህ ገና ስንገጥመው በሁለቱም ጎን የጎማ መሸፈኛ ያላቸውን፣ የውስጥ ስፋታቸው 5፣ የውጭ ስፋታቸው 11፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኩሽኔታዎች አስገባን። ያዘዝኩበት ነጋዴ መጀመሪያ የላከልኝ የውጭ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነበር፤ በዓይን ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም፣ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ግን ይወዛወዛል፤ እስኪቀየርልኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ስለዚህ ከሱቅ የሚቀበል ሁሉ ለክቶ ይቀበል። ጎማውን በጣት መታ ሲያደርጉት ያለ ድምፅ ሲዞር ማየት ግን ለዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ክፍል አሞርዛተሮቹ ናቸው። በዚህ ዋጋ ካሉ ባጊዎች ብዙዎቹ ሞላ ብቻ ሲኖራቸው፣ የዚህ አራቱም አሞርዛተሮች በዘይት የሚሞሉ ናቸው። ፒስተኖቹ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ሆነው ስለሚመጡ ምርጫው የገጣሚው ነው፤ ቀዳዳው ሲበዛ ዘይቱ በቀላሉ ያልፍና አሞርዛተሩ ይለሰልሳል፣ ሲያንስ ይጠነክራል። ዘይቱን ሞልቶ ፒስተኑን ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ አረፋው በሙሉ እስኪወጣም ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ምሽት አረፋው ከወፈረው ዘይት ውስጥ ሊወጣ አልቻለም፤ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ካቆምነው በኋላ ግን ሥራው ቀለለን። ይኸው ብርድ በሚነዳበት ሰዓትም ይሠራል፤ ማለዳ ላይ ደንዝዞ የነበረው ባጊ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ሌላ መኪና ይመስላል። ስለዚህ ማስተካከል የሚገባው አዘውትሮ በሚነዳበት ሰዓት ነው። የአራቱን አሠራር ለማመሳከር ባጊውን ባትሪው እንደተገጠመ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ከፍታ አግድም ይዞ መልቀቅ ይበቃል፤ ፊቱና ኋላው አብረው ወርደው ሳይነጥሩ አብረው ከተነሡ ሚዛኑ ደህና ነው።

የነዳነው ገብስ ከተወቃ በኋላ ባለቤታቸው በፈቀዱልን አውድማ ላይ ነው። በእበት የተለቀለቀና በከብት እግር የተደለደለ አውድማ ጠንካራ፣ ለስላሳና በመጠኑም አንሸራታች በመሆኑ፣ የመኪናን ጠባይ ለመመርመር ከእርሱ የተሻለ ቦታ በአካባቢያችን አላገኘሁም። ሽማግሌው ገና እንደ ደረስን «ልጆቼ፣ ሳትጠርጉ አትንዱበት፤ እብቁ ከሥሩ ጠጠር ይደብቃል» ብለውን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ገለባው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በጎማው ዘንግ ላይ እየተጠቀለለ እስከ ኩሽኔታው ይደርሳል፣ ሻንሲው እንደ ገንዳ የተሠራ በመሆኑም ውስጡ ይከማቻል። ከእያንዳንዱ ባትሪ በኋላ በቀለም ብሩሽ መጥረግና ዘንጎቹን በፒንሳ ማጽዳት ግድ ነው።

መጀመሪያ ላይ ባጊው በፍጥነት ሲታጠፍ ፊቱ አልታዘዝ እያለ ወደ ውጭ ይሰፋ ነበር። ከፊት አሞርዛተሮች ላይ ሞላውን የሚጫነውን ትንሽ ፕላስቲክ ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ አውጥተን ፊቱን ዝቅ ስናደርገው፣ ጋዝ (የሪሞቱ የፍጥነት ማዘዣ) ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መጣና መሪው ያዘ። ነገር ግን በሳንቃ ከሠራነው መዝለያ ሲያርፍ አፍንጫው መሬት ይመታ ጀመር። ያን ጊዜ ሞላውን መልሶ ከማጥበቅ ይልቅ የፊቱን ፒስተን ከሦስት ቀዳዳ ወደ ሁለት ለወጥነው፤ መሪው ሳይበላሽ አወራረዱ ተስተካከለ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ለውጠን ቢሆን ኖሮ የትኛው እንደሠራ ባላወቅን ነበር፤ የእኅቴ ልጅም እያንዳንዱን ለውጥ ከሰዓቱ ጋር በደብተር ይጽፍ ነበር። አየር ላይ ሳለ ጋዝ ሲሰጠው አፍንጫው ቀና እንደሚል፣ ፍሬን ሲያዝም ወደ ታች እንደሚደፋ ልጁ ራሱ ደርሶበታል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ሞተር ያደክመዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኃይሉ አይቀንስም፣ የሚያጣው የሚያቀዘቅዘውን አየር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 17 ጥርስ ያለውን ትንሽ ማርሽ ተጠቀምን። ትንሹ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ 70 ጥርስ ስላለውና ከእርሱ እስከ ጎማው ያለው የውስጥ ቅነሳ 2.6 ስለሆነ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 10.7 ጊዜ ይዞራል። በ19 ጥርስ ቁጥሩ ወደ 9.6 ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል።

ባትሪውን በሚመለከት፣ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ገደማ ላይ መተው አለበት፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ቮልቱ ሲወርድ ኃይሉን የሚያቋርጥ፣ ለሊፖ የሚሆን መቁረጫ ከሌለውም የባትሪ ማስጠንቀቂያ ሳይሰኩ መንዳት ባትሪውን መግደል ነው። እኛ የምንሞላው በተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ላይ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ብርድ ላይ ቮልቱ ቶሎ ስለሚወድቅ ማለዳ እስክንነዳ ድረስ በባና ጠቅልለን እናቆየዋለን።

ለውድድር ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ይህን ባጊ አይግዛ፤ ሻንሲውም ዲፈረንሻሎቹም ለዚያ አልታሰቡም። ከልጅ ጋር ተቀምጦ መኪና እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ሊያውቅ ለሚፈልግ ግን ኩሽኔታውን ጨምሮ ያለ ማመንታት ይግዛው እላለሁ። በሰኔ ዝናብ ጥቁሩ አፈር በጎማውና በክንዶቹ መካከል ተጣብቆ ሞተሩን ያንቃል፤ ስለዚህ የእኛው ክረምቱን ታጥቦ፣ የአሞርዛተሮቹ ዘይት ወጥቶ፣ ሞላዎቹ ላልተው መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ የኋላውን ፒስተን የምንሞክረው አውድማው እንደገና ሲለቀለቅ ነው።