የትኛውን የዓይን ጠብታ ልግዛ? ለዓይን ድርቀት የሚሸጡትን ጎን ለጎን ስናያቸው

ባለፈው ዓመት ቦርሳዬን ሳራግፍ አምስት የዓይን ጠብታ ወጣ። ሦስቱ ተከፍተው የተተዉ ናቸው። አንዱ ጊዜው አልፎበታል። አንዱን ደግሞ መቼ እንደገዛሁት እንኳ አላስታውስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሲደበዝዝብኝ፣ ነፋስ ሲነካኝ እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል፣ በየፋርማሲው እየገባሁ «ለዓይን ድርቀት የሚሆን ስጡኝ» ብዬ የሰጡኝን ስገዛ ነው የኖርኩት። ያወጣሁት ብር ቢደመር ጥሩ ምርመራ ደጋግሞ ያሳየኝ ነበር። እናንተ ብራችሁንም ዓይናችሁንም እንዳትጎዱ ያወቅሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ የናንተ ድርቀት የቱ ነው?

እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመነጨው ከዓይን ቆብ ጠርዝ፣ ሽፋሽፍት ከሚበቅልበት አጠገብ ካሉ ጥቃቅን እጢዎች ነው። ክዳን የሌለው ድስት ውሃው ቶሎ እንደሚተን ሁሉ፣ ያ ቅባት ሲያንስ እንባችን ብን ብሎ ያልቃል። አንዳንዱ ሰው ውሃው ራሱ ያንሰዋል። አንዳንዱ ውሃ አለው፣ ቅባት የለውም። ሁለቱም ያለበት ብዙ ነው። ዓይኑ እየደረቀ እንባው የሚፈስበት ሰው ካያችሁም አይግረማችሁ፤ ዓይን ሲቆጣ ሳይታዘዝ ውሃ ይለቃል፣ ያ ውሃ ግን ሳያረጥበው ጉንጭ ላይ ይወርዳል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጨረሻ ላይ የገባሁባት ሐኪም ጫፉ ብርቱካናማ የሆነች ቀጭን ወረቀት ዓይኔን አስነካችኝና በሰማያዊ መብራት እያየች «አሁን እንዳታርገበግቢ» አለችኝ። ድምፅ አውጥታ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ ቆመች። እንባዬ አራት ሰከንድ ላይ ተቀደደ ማለት ነው፤ ከአሥር በታች ከሆነ ችግር አለ። ቀጥላ ከታችኛው ቆቤ ላይ የወረቀት ቁራጭ አንጠልጥላ አምስት ደቂቃ አስጠበቀችኝ። ወረቀቱ 14 ሚሊሜትር ረጠበ። ከአምስት በታች ቢሆን ውሃው በጣም አነሰ ይባል ነበር። የኔ ውሃ ደህና ነው። ከዚያ የቆቤን ጠርዝ በጣቷ ጫን ስታደርገው እንደ ዘይት ጠብ ማለት የነበረበት ነገር እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍሮ ወጣ። ሁለት ዓመት ከገዛሁት ጠብታ አብዛኛው ውሃ የሚጨምር ነበር። የጎደለኝ ቅባት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ብር ለምርመራ አውሉት። መነፅር ቤት የሚደረገው ምርመራ የዕይታ ልኬት ነው፤ «ዕይታሽ ሙሉ ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ፣ እውነትም ነው፣ ድርቀቱ ግን አይታይም። ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የዓይን ምርመራ ባለሙያ፣ ጥሩ መነሻ ነው፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፋል። የቆየ ድርቀት ካላችሁ ግን የዓይን ስፔሻሊስት ጋ ድረሱ። አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የዓይን ሕክምና ስመ ጥር ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ይረዝም ይሆናል፣ ቢሆንም ይጠበቅ። ስትገቡ «ዓይኔን ያመኛል» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ተናገሩ። ክሎርፌኒራሚንን የመሰሉ የአለርጂ እንክብሎችና ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ዓይን ያደርቃሉ። አፋችሁም የሚደርቅና መገጣጠሚያችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ሳትናገሩ እንዳትወጡ፤ ሾግረን የሚባል የሰውነት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በጠብታ ብቻ አይታከምም።

ባለ ማቆያው ብልቃጥና የአንድ ጊዜው

ወደ መደርደሪያው እንሂድ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ተራው ሰው ሰራሽ እንባ ነው፣ 10 ወይም 15 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ። ተከፍቶ ስለሚቆይ እንዳይበላሽ ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። በጣም የተለመደው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ሳጥኑ ላይ ይህን ስም ፈልጉት። በቀን አንድ ሁለቴ ለሚጠቀም ሰው ያን ያህል አያሰጋም፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምታንጠባጥቡ ከሆነ ግን ኬሚካሉ ራሱ የዓይንን ገጽ ይጎዳል፣ ድርቀቱን ያባብሳል። ማቆያ ሁሉ እኩል አይደለም። ሲስቴን አልትራ ብልቃጡ ላይ ፖሊኳድ፣ ሪፍሬሽ ቲርስ ደግሞ ፒዩራይት የሚባል አላቸው፤ ሁለቱም ከቤንዛልኮኒየም ይለሰልሳሉ።

ሌላው ማቆያ የሌለው፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬ የሚመጣው ነው። ሪፍሬሽ ፕላስ እንደዚያ ነው። ጫፉን ቆርጣችሁ ሁለቱንም ዓይን ታንጠባጥባላችሁ፣ የተረፈውን ትጥላላችሁ። ለዓይን ከሁሉም የሚሻለው ይኸ ነው፣ ለኪስ ግን ይከብዳል። እስቲ እናስላው። 10 ሚሊ ብልቃጥ በግምት 200 ጠብታ ይወጣዋል። በቀን አራት ጊዜ ለሁለት ዓይን ስምንት ጠብታ ነው፤ 25 ቀን ያህል ይሄዳል። 30 ፍሬ ያለው ሳጥን በዚሁ አጠቃቀም በቀን አራት ፍሬ ይበላል፤ ሳምንት አልፎ ያልቃል። ዋጋ ስትጠይቁ የሳጥኑን ሳይሆን የወሩን ዋጋ አስቡ። አንዷን ፍሬ እየከደኑ ሁለት ሦስት ቀን መጠቀም ግን ይቅር፤ ጀርም የሚገድል ነገር የለባትም።

መሃል ላይ ሦስተኛ አማራጭ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ማቆያ ሳይኖረው በልዩ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ሲጫኑት ጠብታ የሚለቅ ግን አየር ወደ ውስጥ መልሶ የማያስገባ። ሃይሎ ኮሞድ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ስድስት ወር ይቆያል። ሲገዙት ይወደዳል፣ በወር ሲካፈል ግን ከፍሬው ይረክሳል። ተራው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ መጣል አለበት። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ እኔ አሁን ሁሌ እጽፋለሁ።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ አንድ ነገር ልብ በሉ። እህቴ ከዲሲ ስትመጣ «ምን ላምጣልሽ?» ስትለኝ «ማቆያ የሌለውን» ብያት ነበር። ያ ብቻ አይበቃም። በፈረንጆቹ 2023 አሜሪካ ውስጥ ኤዝሪኬር የሚባል ማቆያ የሌለው ሰው ሰራሽ እንባ ከከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ከገበያ ተሰብስቧል። በዚያ ወረርሽኝ 81 ሰው ታመመ፣ 14ቱ ዕይታቸውን አጡ፣ አራት ሰው ሞተ። ማቆያ ሳይኖረው ደጋግሞ በሚከፈት ብልቃጥ የተሸጠ ነበር። ማቆያ ከሌለው ወይ የአንድ ጊዜ ፍሬ ይሁን፣ ወይ አየር የማያስገባው ልዩ ብልቃጥ።

ቀጭኑ፣ ወፍራሙና ባለ ቅባቱ

ቀጭኑ ጠብታ ዕይታ አያደበዝዝም፣ ቶሎ ግን ያልቃል። ለቢሮና ለመንዳት ይሆናል። ጄሉ ይቆያል፣ ለጥቂት ደቂቃ ያደበዝዛል። ቫዝሊን የመሰለው የዓይን ቅባት የሌሊት ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ ለሚጣበቅባቸውና ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ለሚተኙ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ በመሃላቸው አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ቅባቱ መጨረሻ ይሁን። እንደኔ የቅባት እጥረት ያለባችሁ ደግሞ ዘይት የተቀላቀለበትን ጠይቁ፤ ሲስቴን ኮምፕሊት ከነዚያ አንዱ ነው። ልዩነቱ ለኔ በሁለተኛው ሳምንት ታወቀኝ።

የማትገዟቸው ሁለት ጠብታዎች

አንደኛው ቅላት የሚያጠፋው ነው። ቴትራሃይድሮዞሊን ወይም ናፋዞሊን የሚል ካለበት ተዉት። የደም ሥሩን ያኮማትረዋል፣ ዓይን ነጭ ይሆናል፣ ሲለቅ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ድርቀቱን አይነካውም።

ሁለተኛው ያስፈራኛል። የሆነ ፋርማሲ ውስጥ አንድ ልጅ «እህቴ፣ ይኼ ፍቱን ነው» ብሎ ያለ ማዘዣ የሸጠልኝ ጠብታ ነበረ። እውነትም በሦስት ቀን ዓይኔ ጠራ። ደስ ብሎኝ አራት ወር ያህል እየደጋገምኩ ገዛሁት። ዴክሳሜታዞን ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለበት ነበር። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ቁጣውን ስለሚያበርድ ያስደስታል፣ ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግላኮማ ያመጣል፣ ሞራ ያፋጥናል። ግፊት ሲጨምር አያምም፣ ሰው የሚያውቀው ዕይታው ከተነካ በኋላ ነው፣ ግላኮማ የወሰደው ዕይታ ደግሞ አይመለስም። የኔ ግፊት ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ጠብታውን ሳቆም ወረደልኝ። ሐኪም አንዳንዴ ለድርቀት ስቴሮይድ ያዛል፣ ለአጭር ጊዜ፣ ግፊት እየለካ። ለብቻችሁ ግን አትንኩት። ሳጥኑ ላይ ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካያችሁ መልሱት፣ ቤታችሁ ካለም ለሐኪም አሳዩት።

ጤና አዳም ጨምቆ ወይም ማር ዓይን ውስጥ መጨመርም እንዲሁ ይቅር፤ ለቆሰለ ዓይን አደጋ ነው።

ፎጣው፣ ማስኩና የዓሣ ዘይቱ

የቅባት እጢ ለተዘጋበት ሰው ዋናው ሕክምና ሙቀት ነው። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ጨምቆ፣ ዓይን ጨፍኖ ላዩ ላይ ማድረግ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። ነፃ ነው፣ ችግሩ ፎጣ በሁለት ደቂቃ መቀዝቀዙ ነው። እኔ ፔርሙስ አጠገቤ አስቀምጬ ሁለት ፎጣ አፈራርቃለሁ፤ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይደርሳል። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚሞቀው ማስክ ሙቀቱን ስለሚይዝ ይሻላል፣ ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ይግዛው። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በንጹሕ ጣት ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ለዓይንም ያቃጥላል።

የዓሣ ዘይት እንክብል ብዙ ሰው ይገዛል። በፈረንጆቹ 2018 በወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 535 የዓይን ድርቀት ያለባቸው ሰዎች ዓመት ሙሉ ተከታትለዋል፤ ኦሜጋ 3 የወሰዱት የወይራ ዘይት ከወሰዱት አልተሻሉም። እኔ ብሬን ማስኩ ላይ አወጣለሁ።

ስክሪን ላይ ስናፈጥ የምንርገበገበው በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ከዓይናችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ሳትቸኩሉ ሙሉ በሙሉ እየጨፈናችሁ አርገብግቡ። የገልፍ አገሮች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር የምትውሉ እህቶች፣ ነፋሱ ፊታችሁ ላይ እንዳይመጣ አዙሩት። የማገዶና የከሰል ጭስም እንደዚሁ ነው።

ጠብታው ሳይበቃ ሲቀር

ሐኪም ዘንድ ሌላ ደረጃ አለ። ሳይክሎስፖሪን ጠብታ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2002 ለዓይን ድርቀት ተፈቅዷል፤ ቁጣውን ከሥሩ ያበርዳል፣ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ውጤቱ ወራት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትተዉት። ውሃቸው ላነሰ ደግሞ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን ትንሽ ቀዳዳ በሲሊኮን ውታፍ መዝጋት ይቻላል፤ ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሁሉም መቆርቆር ድርቀት እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ትራኮማ ከሚበዛባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት። ገጠር ያሉ እናቶቻችን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይናቸውን ሲፍቀው በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። ለነሱ ጠብታ ገዝቶ መላክ አይበቃም፤ የሚያስፈልጋቸው ቆቡን የሚያቃና ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። ሲመሽ የማያይ፣ ዳፍንት ያለበት ሕፃን ካለም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ብርሃን ማየት ካስቸገራችሁ፣ አንዱ ዓይን ብቻ በጣም ካመማችሁና ከቀላ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካያችሁ፣ ዕይታችሁ ጨፍናችሁ ስትከፍቱም ካልጠራ፣ ወይም ኮንታክት ሌንስ እያደረጋችሁ ይህ ከመጣ፣ ፋርማሲ አትሂዱ። ሌንሱን አውልቁና በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትጠቀሙበት የነበረውን ጠብታ ሁሉ ከነሳጥኑ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ።