ባለ ሁለት አፉ የኢታኖል ምድጃ ጅማ ላይ ያዋጣል?

ክሊንኩክ የተባለው፣ በኢታኖል (ንጹህ አልኮል) የሚነደው ምድጃ ጭስ የለውም፤ የድስት ቂጥም አያጠቁርም። ለሽሮ፣ ለሻይና ለቡና በደንብ ይበቃል። ክብ ቂጥ ያለው ጀበና ግን ስለሚወዛወዝ ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ ይፈልጋል። እንጀራ አይታሰብም፦ የአንዱ አፍ ኃይል 1.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ ትልቁን ምጣድ እኩል አያግለውም።

እያንዳንዱ አፍ 1.2 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ አለው። በውስጡ ያለው ቃጫ ነዳጁን መጥጦ ስለሚይዝ ምድጃው ቢገለበጥም አይፈስም፤ ከኬሮሲን ምድጃ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ቆርቆሮው የሚሞላው ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ፈሳሹ ከላይ መታየት ሲጀምር ይቆማል፤ ትርፉ ይንጠፈጠፋል። የኢታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም ስለማይታይ «ጠፍቷል» ብሎ መሙላት ያቃጥላል።

ምድጃውን የሚገድለው ውሃ ነው። ነዳጁ 95 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ውሃ ከተጨመረበት አልኮሉ ቀድሞ ይተንና ውሃው ቃጫው ውስጥ ይቀራል፤ በየሙሌቱ እየተጠራቀመ እሳቱን ያደክማል። ስለዚህ አረቄ አይሆንም። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በጅማ ክረምት ጀሪካኑ ጥብቅ ተደርጎ ይከደን።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአንድ ሊትር ኢታኖል ጉልበት 21 ሜጋጁል ገደማ ነው። ምድጃው ከዚያ ከግማሽ በላዩን ለድስቱ ያደርሳል፤ ተራ የከሰል ምድጃ አብዛኛውን ያባክናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ከሰል ያህል ያበስላል። የሊትሩ ዋጋ ከሁለት ኪሎ ከሰል ከበለጠ ለኪስ አያዋጣም።

ዋጋውን የሚወስነው ፖሊሲው ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ወፍራም ፈሳሽ) የሚወጣው ኢታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በ5 በመቶ፣ በኋላም በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ቆይቷል። ቅልቅሉ የውጭ ምንዛሪ ማዳኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለቤንዚን 99.5 በመቶ እስኪደርስ ውሃው በተጨማሪ ወጪ መውጣት አለበት፤ ማዕድ ቤት 95ቱን እንዳለ ይቀበላል። የትራንስፖርቱም ወጪ ጅማ ላይ ሊትሩን ያስወድደዋል። ለቤተሰብ የተለየ ቋሚ ኮታ ቢመደብና ለጅማ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ እዚያው ቢጣራ ይሻል ነበር፤ አተላው በሊትር ኢታኖል ከ10 እስከ 15 ሊትር ስለሚደርስ ግን ማከሚያው ከፋብሪካው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

ቋሚ አቅራቢ ያላገኘ ምድጃውን አይግዛ። ያገኘ ደግሞ የአልኮል መለኪያ ይያዝ፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 95 አካባቢ ካላነበበ ጀሪካኑን ይመልስ።