ሰባት ወር አብሬው የኖርሁት ማይክሮስኮፕ፦ ጠረጴዛው ይሰምጣል

ለአዲስ መነጽር ያወጣሁትን ገንዘብ ሻጩ ቢተካልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በለዘበ ቃል እጀምረው ነበር።

ማይክሮስኮፑን የገዛሁት በሰኔ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ነው። ሰበቡ አንድ የአበባ ማሰሮ ነበር። አራት ኪሎ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ከጃንሜዳ ያመጣሁትን የፈረስ ፍግ ጨምሬበት፣ ዝናቡ ሲጀምር ቡናማ፣ እንደ ሲኒ የጎደጎደ፣ ሲነኩት ቅንጥስ የሚል እንጉዳይ በቀለበት።

የሲኒ ቅርጽ ያላቸው እንጉዳዮች ብዙዎቹ በዓይን ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የሚለዩት በውስጣቸው ነው። ከሲኒው ውስጠኛ ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ በምላጭ ቆርጬ በውሃ ጠብታ ውስጥ ስመለከተው፣ አስከስ የሚባሉት ረጃጅም ከረጢቶች እያንዳንዳቸው ስምንት ስፖር፣ ማለትም የእንጉዳዩን ደቃቅ ዘር፣ ይዘው፣ ጥይት እንደ ሞላ ዝናር ተደርድረው አየሁ። እሰየው አልሁ።

ቀጥሎ አዮዲን ነው። በመሸፈኛው መስታወት አንድ ጠርዝ ጠብ ያደርጉና በሌላው ጠርዝ በሶፍት ይስባሉ። የከረጢቱ ጫፍ ሰማያዊ ከሆነ እንጉዳዩ ከፔዚዛና ከቅርብ ዘመዶቹ ወገን ነው፤ ቀዩና ጠርዙ ላይ ሽፋሽፍት ያለው ስኩተሊኒያ ግን ሰማያዊ አይሆንም። ቡናማው ፈሳሽ ቀስ እያለ ሲጠጋ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ፣ ምስሉ ደበዘዘ። አጠራሁት። ደበዘዘ። አዮዲኑ ከረጢቱን የበላው መሰለኝ። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ፤ ባለቤቴ “ዓይንህን ሐኪም ይየው” አለችኝ፤ ታየሁ፤ መነጽር ለወጥሁ። ደበዘዘ።

አንድ ማታ ቀና ብዬ ከጎን ባየው፣ ትልቁ የማስተካከያ መዘውር ማንም ሳይነካው በራሱ ይዞራል! ስላይዱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየሰመጠ ነው። በባለ 40 ሌንስ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው የፀጉር ውፍረት ሩብ እንኳ ሳይወርድ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ሻጩ ጋ ደወልሁ። “ጌታዬ፣ ዕቃው እስኪላመድ ነው” አለኝ። ጫማ ነው እንዴ የሚላመደው?

መፍትሔው ከመዘውሩ ጀርባ ያለች፣ የመዘውሩን ጥብቀት የምትወስን ቀለበት ነበረች። ጠበቅ አደረግኋት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀችብኝም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ “1000 እጥፍ ያጎላል” ከማለት ፋንታ ስለዚህች ቀለበት አንዲት ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? አንተ ሰው፣ 1000 እጥፍ የጎላ ጉም ምን ያደርግልኛል?

መብራቱ ደህና ነው። ባለ 100 ሌንሱም ዘይት ሲነካ አያሳፍርም።

ቀለበቷ ግን በየሁለት ሳምንቱ ትላላለች። ማይክሮስኮፑን ለሻጩ መልስ ብትሉኝ አልመልስም፤ ተቆጥቼም ቢሆን ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ በየቀኑ የምታጠጣው ማሰሮ በጥር ወርም ሲኒ አወጣልኝና ባለፈው ቅዳሜ ጫፉ ሰማያዊ ሲሆን አየሁት። ከከረጢቱ ራሳቸው ፈንጥቀው የወጡትን፣ ማለትም የበሰሉትን ስፖሮች ብቻ ለካሁ፤ ርዝመታቸው 22፣ ስፋታቸው 12 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ለስላሳ፣ በውስጣቸው የዘይት ጠብታ የሌለባቸው። በፍግ ላይ ከመብቀሉ ጋር ሲደመር ፔዚዛ ቬሲኩሎሳ ብዬዋለሁ። ስለካ ግራ እጄ እስከ መጨረሻው መዘውሩን አንቆ ይዞ ነበር።