በራስ መማር ወይስ የአጭር ጊዜ ሥልጠና?

የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ሳይኖረው ወደ ሶፍትዌር ሙያ ለሚገባ ሰው በራስ መማር ርካሹ መንገድ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ50 የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የሚሠራው ፍሪኮድካምፕ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ መማሪያ ድረ ገጽም እንዲሁ። ጉድለቱ ተቆጪ አለመኖሩ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው እየዘለለ አንድም ፕሮግራም ከዳር ሳያደርስ ይቀራል (እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ)።

የጥቂት ወራት ሥልጠና በበኩሉ ቀነ ገደብና ኮድ የሚያርም ሰው ይሰጣል። ክፍያው ግን ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጽ ግንባታ ላይ ስለሚያተኩር አልጎሪዝምን (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴን) ለብ ለብ አድርጎ ያልፋል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚመጣው ደግሞ ይኸው አልጎሪዝም ነው።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው በራስ መጀመር ነው፤ የፕሮግራም ስህተት ማደን የሚያሰለቸው ሰው ሙያው እንደማይስማማው ሳይከፍል ያውቀዋል።