ለጨው ውሃ አኳሪየም፦ የተበሳ መስታወት ወይስ የሚንጠለጠል ሳጥን?

ውሃን ወደ ታችኛው ገንዳ፣ ወደ ሰምፑ፣ ለማውረድ ወይ መስታወቱ ይበሳል፣ ወይ ጠርዙ ላይ የሳይፈን ሳጥን፣ ማለትም ውሃን በታጠፈ ቱቦ ከጠርዙ በላይ አሻግሮ ወደ ታች የሚስብ ሳጥን፣ ይንጠለጠላል።

ሳጥኑ ዓሣ ባለበት አኳሪየም ላይም ወዲያው ይገጠማል። ጣጣው ቱቦው ላይ ነው፦ በታጠፈው አናቱ የአየር አረፋ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና ሳይፈኑ ይቋረጣል። ውሃውን ከሰምፑ የሚመልሰው ፓምፕ ግን ወደ ላይ መግፋቱን አያቆምም፤ አኳሪየሙ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ በሰምፑ ውስጥ ፓምፑ ባለበት ክፍል ያለው ውሃ፣ አኳሪየሙ ከጠርዙ በታች ካለው ባዶ ቦታ መብለጥ የለበትም።

አዲስ ለሚጀምር የተበሳው ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ውሃው በራሱ መውረዱን ይቀጥላል። ሁለት ቀዳዳ ይኑር፦ አንዱ በቫልቭ የሚመጠን፣ ሌላው ቫልቭ የሌለው መጠባበቂያ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ግን ሲበሳ ይፈረካከሳልና አስቀድሞ ይጣራ።

በሁለቱም ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቱቦ ራሱ ሳይፈን ሆኖ ውሃ ወደ ታች ይስባል። 100 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ አኳሪየም የ4 ሴንቲ ሜትር መውረድ 20 ሊትር ነው። የቱቦውን አፍ ከውሃው ወለል ብዙ አታጥልቁት፤ ከዚያ ፓምፑን ነቅላችሁ ሰምፑ ሳይሞላ መቆሙን እዩ።