ቃጫ ወይስ ቴፍሎን?

ባሕር ዳር፣ ጣና አፍንጫዬ ሥር እያለ፣ የእኔ ራስ ምታት የወጥ ቤት ቧንቧ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ባለሙያ ከምጠብቅ ራሴ ልሥራው አልኩ። ባለቤቴ ሳቀች።

የዕቃ መሸጫው ልጅ "ቃጫ ነው ቴፍሎን?" አለኝ። ሁለቱም ውሃ እንዳያፈስ የቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጠሙ ናቸው፤ ቃጫ የተክል ጭረት፣ ቴፍሎን ደግሞ ስስ ነጭ የፕላስቲክ ጥቅል። ቴፍሎን ወሰድኩ። ንጹሕ ነው፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ቴፍሎኑ ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚጠመጠመው። እኔ በተቃራኒው ጠመጠምኩት። ስገጥመው እየተገፋ ወጥቶ ነጭ ጢም መሰለ። ፈታሁ፣ እንደገና ጠመጠምኩ፣ አጠበቅኩ። አሁን ደግሞ የቧንቧው አፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ! ትንሽ መለስ ሳደርገው ያው ጠብ ጠብ። ቴፍሎን አንዴ ከጠበቀ ወደ ኋላ መመለስ አይወድም። (ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ መዝጋት ረስቼ ካልሲዬ እንደራሰ ለማንም አልነገርኩም።)

በማግስቱ ቃጫ ገዛሁ። ቅባት ይፈልጋል፣ እጅ ያጨማልቃል፣ ለመጠምጠምም ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ ጥቂት ብትመልሰውም ብዙ ጊዜ አይለቅም። ጥርሱ ለተበላ አሮጌ የብረት ቧንቧ እኔ ቃጫን እመርጣለሁ። ችግሩ ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ነው፤ ይደርቅና ይኮማተራል።

ለፕላስቲክ ከሆነ ግን ቴፍሎን ይሻላል። ቃጫ ካበዛህ ሴቴው (ሌላውን ወደ ውስጥ የሚቀበለው ክፍል) ይሰነጠቃል።

እጄ እስካሁን ቅባት ቅባት ይሸታል። ወለሉ ደረቅ ነው።